የፎገራ ከብት ለማድለብ ያሰባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከብት ማድለብ ልጀምር ነው፣ የትኛው ዝርያ ያዋጣኛል?» አብዛኛው ጠያቂ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ቦረና ነው አይደል ይላል፣ ወይ ደግሞ የሐረር ሰንጋ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ማንም አይክድም። ግን ጣና ዳር ተቀምጦ ከያቤሎ ከብት ማስጫን ምን የሚሉት ሥራ ነው? የመንገዱ ወጪ አለ፣ ደረቅ አገር የለመደ ከብት ረግረግ ላይ ሲወርድ የሚደርስበት አለ። ደግሞም እዚያው አካባቢ ብዙ ሰው የረሳው ዝርያ አለ። ፎገራ።

ዛሬ ስለ እሱ በደንብ እንነጋገር። ጥሩ ጎኑን ብቻ አልነግራችሁም፤ ይህን ከብት ለማድለብ መግዛት አንድ ችግር አለበት፣ እሱንም አነሳዋለሁ። ምናልባት ሥራውን የምትጀምሩበትን መንገድ ይቀይርላችሁ ይሆናል።

ፎገራ የቦታም የከብትም ስም ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ጉማራና ርብ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የሚያጥለቀልቁት ሰፊ ሜዳ አለ። ፎገራ፣ ደራና ሊቦ ከምከም ወረዳዎች እዚያ ናቸው። ከብቱ በደንቢያ ሜዳ፣ ሐይቁን ተከትሎም በምዕራብ ጎጃም በኩል ይገኛል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፣ ከብቱ ወደ ከፍታው ይነዳል፤ ውሃው ሲሸሽ ተመልሶ ይወርዳል። ጭቃውንም ዝንቡንም ችሎ፣ ረግረግ ላይ የበቀለ ሣር እየበላ ለዘመናት የኖረ ከብት ነው ማለት ነው። ይህ ጠባዩ ከየትም ተገዝቶ አይመጣም።

ባለሙያዎች «ዜንጋ» ከሚሉት ምድብ ውስጥ ያስገቡታል። ከዜቡ ወገንም ከሳንጋ ወገንም የወረሰ፣ መሃል ላይ ያለ ዝርያ እንደማለት ነው። የወለጋው ሆሮም እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው። የፎገራ መልክ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ፣ ወይም ጥቁርና ግራጫ ዝንጉርጉር ነው። ቀንዱ አጭርና ደንዳና ሆኖ ጫፉ የሾለ ነው። በአንገቱ ስር የሚንጠለጠለው ቆዳ ሰፊ ነው። ከደጋው ከብት ገዘፍ ይላል፣ ጠባዩ ደግሞ ገራም ነው። ገራም መሆኑ ለአድላቢ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚደነብርና የሚዋጋ ከብት የበላውን በሩጫ ነው የሚጨርሰው።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ጥቁርና ነጭ የሆነ ሁሉ ፎገራ አይደለም! የሆልስታይን ዲቃላም ጥቁርና ነጭ ነው። ገበያ ላይ ደላላው «ንጹህ ፎገራ» እያለ የሚያሳያችሁ ወይፈን ከሆልስታይን የተዳቀለ ሊሆን ይችላል። በመልክ ብቻ አትወስኑ። ሻኛውን እዩ፣ ያንገቱን ቆዳ እዩ፣ ቀንዱን እዩ። ዲቃላው ሻኛው ጠፍቷል ወይ ትንሽ ነው፣ ያንገቱ ቆዳ ጠበብ ያለ ነው፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለማድለብ ዲቃላ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ሊያድግ ይችላል። ግን የሚበላውም ያንኑ ያህል ነው፣ በሽታውንም እንደ ፎገራው አይችልም። የፎገራ ዋጋ ከፍላችሁ ሌላ ከብት እንዳትወስዱ ነው የምለው። ከደጋው ከብት ጋር የተቀላቀለም ሞልቷል፤ ሜዳው ላይ ያሉት መንጋዎች ብዙዎቹ እንዲያ ሆነዋል።

ፎገራን ማን ይግዛ? ውሃ በቅርብ ያለው፣ የሩዝ ወይም የሌላ ሰብል ገለባ እንደ ልብ የሚያገኝ፣ ከብቱንም ባህር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለበዓል ገበያ የሚያቀርብ ሰው። ደረቅ ቆላ ላይ ያለ ሰው ይተወው፣ እዚያ ቦረና ይሻለዋል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመላክ ያሰበም ይተወው። የውጪው ገበያ የሚፈልገው በዕድሜ ለጋ የሆነ፣ ያልተኮላሸ፣ ጮማ ያልበዛበት ወይፈን ነው። የኛ አገር ሉካንዳ ቤት ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው፦ የበሰለ፣ የተኮላሸ፣ ጮማው ቢጫ ብሎ የተጋገረ ሰንጋ። ለቁርጥ የሚሆነው እሱ ነው። ይህን ልዩነት ያዙት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ገበያ ገብታችኋል እንበል። መጀመሪያ አፉን ክፈቱ። ከብት በላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ጥርስ የለውም፤ የምታዩት ከታች ያሉትን 8 ጥርሶች ነው። ሁለት ትላልቅ ጥርሶች መሃል ላይ ካወጣ 2 ዓመት አልፎታል። ስምንቱም ከሞሉ ከ4 ዓመት በላይ ነው። ጥርሱ ያለቀ፣ የተነቃነቀ ከሆነ ገለባ አኝኮ መጨረስ አይችልምና ዋጋው ቢረክስም እለፉት።

ቀጥሎ የከሳ ፈልጉ። አልተሳሳትኩም፣ የከሳ። ትርፉ ያለው አጥንቱ የሰፋ፣ ደረቱ ጥልቅ የሆነ፣ ግን ሥጋ ያልያዘ ከብት ላይ ነው። እርሻ ላይ ሰንብቶ የከሳ በሬ ጥሩ መኖ ሲያገኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ያስደንቃል። ፈተናው ከረሃብ የከሳውን ከበሽታ ከከሳው መለየት ነው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣችሁ እዩ፤ ቀይ ወይ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ ወረቀት መስሎ ከነጣ ደም አንሶታል። ከአገጩ ስር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ የጉበት ትል ጠርጥሩ። ረግረግ አገር ላይ የጉበት ትል ዋናው ጠላት ነው። ካልታከመ ሦስት ወር ሙሉ የምታበሉት ለትሉ ነው።

ሚዛን በሌለበት ገበያ ክብደቱን በግምት ከመቀበል የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከፊት እግሩ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ፊት እስከ ቂጡ አጥንት ያለውን ርዝመት ለኩ። የደረቱን ልክ በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ ደግሞ አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት። ለምሳሌ ደረቱ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 130 ቢሆን፦ 160 በ160 ሲባዛ 25,600፣ በ130 ሲባዛ 3,328,000፣ ለ10,840 ሲካፈል 307 ኪሎ ገደማ። ቀመሩ ሻኛ ለሌላቸው ለፈረንጅ ከብቶች የተሠራ ስለሆነ ለኛ ከብት ከእውነተኛው ክብደት ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ቢሆንም «350 ኪሎ ይሆናል» ከሚል ደላላ ይሻላል። ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ በየ15 ቀኑ ያንኑ ከብት ያው ሰው ሲለካው መጨመር አለመጨመሩ ይታያል።

ቤት ሲገባ ከሌሎቹ ለይታችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት። የአባሰንጋ፣ የአባጎርባ፣ የጎርርሳና የጉርብርብ ክትባት መከተቡን ጠይቁ፤ መልሱ «አላውቅም» ከሆነ አልተከተበም ብላችሁ ውሰዱት። የትል መድኃኒት ስትገዙ ለየትኛው ትል እንደሆነ መጠየቅ አትርሱ። ሁሉም ቤት የሚሸጠው አልቤንዳዞል ያደገውን የጉበት ትል ይገድላል እንጂ ገና ወጣቱን አይነካውም። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ መጠኑን የወረዳችሁን ባለሙያ አማክሩ። አንድ ነገር ግን ልበል፣ መድኃኒት የወሰደ ከብት ከመታረዱ በፊት መቆየት ያለበት ቀን አለ። ዕቃው ላይ ተጽፏል። ሥጋውን የሚበላው ሰው ነው።

ወደ መኖው እንሂድ፣ ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ነውና።

የፎገራ ሜዳ ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል። በደርግ ዘመን ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ሩዝን እዚህ ሲያስጀምሩ ጥቂት ማሳ ላይ ነበር። አሁን ሜዳው በሩዝ ተይዟል፣ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለ። ለገበሬው ሩዙ እንጀራ ሆኖለታል፣ በዚህ አልከራከርም። ለከብቱ ግን የግጦሹ መሬት ነው የሄደው። የተረፈው ግጦሽ ላይ ደግሞ አሜካላ የሚባለው እሾሃማ አረም ተንሰራፍቷል። በምትኩ የመጣው የሩዝ ገለባ ነው።

የሩዝ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ለመፈጨትም አስቸጋሪ ነው። ግን ይሻሻላል፦ ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ፣ ያው የምታውቁት ማዳበሪያ፣ በ80 ሊትር ገደማ ውሃ በደንብ አሟሙታችሁ ገለባውን ድርብ በድርብ እየረጫችሁ ትረግጡታላችሁ። በላስቲክ አየር እንዳይገባው አድርጋችሁ ለ21 ቀን ታሽጉታላችሁ። ስትከፍቱት ሽታው ይተናነቃል፤ ለከብቱ ከመስጠታችሁ በፊት የዕለቱን አውጥታችሁ አናፍሱት። ዩሪያው ራሱ መርዝ ነው! የተበጠበጠበትን ውሃ ከብት ከጠጣው ይሞታል። ባልዲውን ሜዳ ላይ ጥላችሁ እንዳትሄዱ። ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃም አይሰጥም።

ከገለባው ላይ የሚጨመረው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ሩዝ በሚፈተግበት አካባቢ ከሆናችሁ ከመፈተጊያው የሚወጣው ብናኝ ከፉርሽካ ሊረክስላችሁ ይችላል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ከገለፈቱ ጋር የተደባለቀ እንዳይሸጥላችሁ፤ ገለፈቱ አሸዋ በሉት፣ ምንም ጥቅም የለውም። እፍኝ ይዛችሁ ብትጨብጡት ደህናው ብናኝ ለስለስ ብሎ ይጣበቃል፣ ገለፈት የበዛበት ይበተናል፣ እጅም ይወጋል። ሁለተኛ፣ ብናኙ ዘይት ስላለበት ቶሎ ይሻግታል። የሁለት ወር አንድ ላይ ገዝታችሁ አታስቀምጡ።

ምን ያህል? አንድ ከብት በቀን ከክብደቱ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። 250 ኪሎ ከሆነ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋውን ከፉርሽካና ከፋጉሎ፣ ሁለት እጅ ፉርሽካ አንድ እጅ ፋጉሎ፣ የቀረውን ገለባ ብታደርጉ ጥሩ መነሻ ነው። ግን በአንድ ቀን አይደለም! ከግማሽ ኪሎ ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ እያሳደጋችሁ ድረሱበት። በገባ በማግሥቱ እህልና ፋጉሎ አስሞልታችሁ ብታበሉት ሆዱ ተነፍቶ ያድራል፣ የማይነጋለትም አለ። ጨውና ንጹህ ውሃ ከፊቱ አይጥፋ። ከኩሬ አታጠጡት፤ አልቅትም የጉበት ትልም የሚገባው በዚያ ነው።

ሒሳቡን ደግሞ እንዲህ ያዙት። ከብቱ በቀን 600 ግራም ቢጨምር በ90 ቀን 54 ኪሎ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን መኖ ወጪያችሁ ከ600 ግራም የቁም ክብደት ዋጋ ከበለጠ፣ የሚያተርፋችሁ ከብቱ ሳይሆን ገበያው ነው፤ ገበያ ደግሞ ይከዳል። በየሰፈሩ «ድለባ አከሰረኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ይህችን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ነው።

ጊዜውን ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለፋሲካ ከሆነ ከብቱ ከጥምቀት ባልራቀ ጊዜ ቤት መግባት አለበት። መኸሩ ተሰብስቦ ገለባው የሚረክሰውም ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መኖ ያከማቸ ሰው ቀድሟል። የማድለቢያችሁ ሁለት እጅ የሚሆነው ጊዜ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ውስጥ መውደቁን አትርሱ። መሃል ላይ ገንዘብ ቢያጥራችሁ በሁዳዴ ሰንጋ ማን ይገዛችኋል? የመኖ ገንዘብ እስከ መጨረሻው ቀን በእጅ ይኑር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የበዓል ከብት ከነመኖው ቤት ሊቀር እንደሚችል ሁላችንም አይተናል። አዲስ አበባን ብቻ ተማምኖ መጀመር አደጋ አለው። በእግር ነድታችሁ የምትደርሱበት ገበያ በሐሳባችሁ ይኑር።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳልኩት ችግር።

ከላይ «አጥንቱ የሰፋ፣ ደረቱ ጥልቅ የሆነ» ምረጡ ብዬ መክሬያችኋለሁ። ነጋዴውም የሚመርጠው እሱን ነው። ሉካንዳ ቤቱም እሱን ነው። ገበሬው ጋ ሁለት ወይፈን ካለ ፈጥኖ ያደገው፣ መልከ መልካሙ፣ ገና ጥርስ ሳያወጣ ገዢ በር ድረስ ይመጣለታል። ገበሬውን ለምን ሸጥክ ብትሉት መልሱ ግልጽ ነው፦ ማዳበሪያ አለ፣ ዕዳ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ። ካልሸጠውም ለእርሻ ያኮላሸዋል። የቀረውስ? የቀረው ያላደገው፣ ማንም ያልፈለገው ነው። እሱን ማንም አላኮላሸውም፣ ማንም አልገዛውም። የወል ግጦሽ ላይ ተለቅቆ ላሞቹን የሚያጠቃው እሱ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ጥጆች አባት እሱ ነው።

ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም አስቡት። ምርጡን እያረድን ከደካማው እናስወልዳለን። ግጦሹ ጠበበ፣ ከደጋ ከብት ጋር ተቀላቀለ የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እኛ አድላቢዎችና በላተኞች የያዝነው ድርሻ ይህ ነው። ከባህር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን መንጋ ይዞ ያራባል። አንድ ማዕከል ግን የሜዳውን ሁሉ ላም አያዳርስም። ቻግኒ አካባቢ የተቋቋመው የመተከል የከብት ማራቢያም የፎገራ ላሞችን የያዘው በዋናነት ከፍሪዥያን ጋር እያዳቀለ የወተት ጊደር ለማከፋፈል ነበር።

ታዲያ አናድልብ? አይደለም። እዚህ ላይ ነው የአገር ውስጡ ገበያ ጠባይ የሚጠቅመን። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የኛ ሉካንዳ ለጋ ወይፈን አይፈልግም፣ የበሰለ ሰንጋ ነው የሚፈልገው። እንግዲያው ጥሩውን ወይፈን በሁለት ዓመቱ ማኮላሸት ምን አስቸኮለን? አንድ ጤናማ ኮርማ በአንድ ወቅት ከ25 እስከ 30 ላም ያጠቃል። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ለሁለትና ሦስት ዓመት ኮርማ ሆኖ ይሥራ። ከዚያ በላይ እዚያው መንጋ ውስጥ መቆየት የለበትም፤ የፎገራ ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው 4 ዓመት ገደማ ላይ ስለሆነ ብዙ ከቆየ የገዛ ልጆቹን ማጥቃት ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ዕድሜው ወደ ስድስት ዓመት ነው። ያኔ በቡርዲዞ ይኮላሽ፣ ጥቂት ሳምንት ያገግም፣ ይደልብ፣ ለፋሲካ ይቅረብ። ሥጋውን አገኘን፣ ልጆቹም ሜዳው ላይ ቀሩ።

ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን ያድርገው ማለት ግፍ ነው። ኮርማ መቀለብ ወጪ ነው፣ ጥቅሙ ደግሞ የጎረቤት ላም ሁሉ ነው። አድላቢው ሊገባበት የሚችለው እዚህ ጋ ነው፦ ወይፈኑን ዛሬ ገዝቶ ከመንዳት ይልቅ ቀብድ ከፍሎ፣ ከብቱ ገበሬው ጋ ቆይቶ ኮርማ ሆኖ እንዲሠራ፣ ሥራውን ሲጨርስ ግን ለእሱ እንዲሸጥለት መዋዋል ይችላል። የመንደሩ ባለ ላሞች ደግሞ በየጥጃው ወይም በገለባ ያዋጣሉ። ውሉ ሦስት ምስክር ቢኖረው፣ ከብቱ ቢሞት ቀብዱ ምን ይሆናል የሚለውም ከመጀመሪያው ቢጻፍ ይሻላል። ገጠር ላይ የሚያጣላው እሱ ነው። ደካማዎቹ ወይፈኖች በልጅነታቸው መኮላሸት አለባቸው፣ ያለዚያ ግጦሽ ላይ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለእኔ ይበዛብኛል የምትሉ ደግሞ ቀላሉን ያዙ፦ ወይፈን አትግዙ። እርሻ የጨረሰ፣ የከሳ፣ ጥርሱ ያልወደቀ የፎገራ በሬ ግዙና እሱን አድልቡ። እሱ ቀድሞ የተኮላሸ ስለሆነ ከሜዳው የምትወስዱት ኮርማ የለም። ክረምት እርሻው ካበቃ በኋላ፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ፣ ባለቤቱም ለመሸጥ ፈቃደኛ የሚሆነው ያኔ ነው።